አዲስ ቤት በርካሽ ዋጋ፦ ቅናሹ ከየት መጣ?



ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከዓለም ባንክ እስከ ካራ ቆሬ ባሉት ሰፈሮች ከደላላ አፍ የማይጠፋ አንድ ወሬ አለ። «መሀል ከተማ በዚህ ገንዘብ አንድ ክፍል አያገኙም፤ ወጣ ካሉ ግን አዲስ የብሎኬት ቤት ከነግቢው አለልዎት» ይላል። ወሬው ሐሰት አይደለም። በኮልፌ ቀራንዮ ዳርና ከዚያም አልፎ ገና ቀለሙ ያልደረቀ ቤት ከመሀል ከተማው በብዙ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ነገር ግን ልጆቹን በኪራይ ቤት ያሳደገ አባወራ የዓመታት ዕቁቡን፣ የባለቤቱንም ወርቅ ጭምር ሸጦ ለሻጭ ሲያስረክብ፣ ቅናሹ ከየት እንደመጣ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ብዙውን ጊዜ ቅናሹ የሚመጣው ከወረቀቱ ነው። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆኗል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ስለዚህ የሚሸጠው በቦታው ላይ ያረፈው ቤት ነው፤ ሻጩም ቦታውን በሕግ የያዘ መሆን አለበት። ከገበሬ በእጅ ወረቀት በተገዛ መሬት ላይ በሌሊት የቆመውን ቤት ሕዝቡ «የጨረቃ ቤት» ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ሰነድ አልባ ይዞታዎች ሥርዓት እንዲይዙ ሲደረግ በ1988 እና በ1997 ዓ.ም. የተነሡት የአየር ፎቶግራፎች መለያ ሆነው አገልግለዋል። ከዚያ በኋላ ለተሠራ ቤት «ነገ ካርታ ይወጣለታል» ሲባል፣ ተስፋውን የሚሰጠው ሻጩ እንጂ መሥሪያ ቤቱ አለመሆኑን ማስተዋል ያሻል።

የአስተዳደር ወሰኑም መጠየቅ አለበት። ከካራ ቆሬ ወደ ዓለም ገና፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩ ሲዘለቅ ሰፈሩ አንድ መስሎ ይቀጥላል፤ ካርታ የሚሰጠው አስተዳደር ግን ሌላ ነው። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩንና ሰበታን ጨምሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች ሸገር ከተማ በሚል ሲጠቃለሉ፣ ሕገ ወጥ የተባሉ በርካታ ቤቶች ፈርሰዋል፤ መስጊዶችም አልቀሩም። በሕጉ ካሣ የሚገባው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ብሎኬቱም ቆርቆሮውም የራሱ ኪሳራ ይሆናል።

ካርታ አለ ማለትም ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል፤ ባል ብቻውን የፈረመው ውል ነገ ሚስት ስትከስ ሊፈርስ ይችላል። የውርስ ቤት ከሆነ ደግሞ ወራሾቹ ሁሉ ይቁጠሩ፤ በተለይ እህቶች። ወንድሞች ቤቱን ሸጠው ገንዘቡን ሲካፈሉ፣ አላህ በቁርኣን የወሰነላት ድርሻ ያልደረሳት እህት አንድ ቀን በሩን ብታንኳኳ፣ የምታገኘው ገዢውን ነው። በውክልና ብቻ የሚሸጥ ቤትም አለ፤ በተለይ ገና መሸጥ ያልተፈቀደ ኮንዶሚኒየም። ወካዩ ከሞተ ወይም ውክልናውን ከሻረ ገዢው እጁ ባዶ ነው። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት እንዲደረግ ያዘዘው ለዚህ ነው።

«እኛ ሙስሊሞች ነን፤ በመካከላችን ቃላችን ይበቃል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያህ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ ውል መጻፍና ስለ ምስክሮች የሚናገር መሆኑን ግን ዘንግተውታል። ነውሩን ደብቆ መሸጥም በሸሪዓችን የተከለከለ ነው። ገዢ ስለ ቤቱ እንከን ቢጠይቅ ሻጩን መጠርጠሩ አይደለም፤ መብቱን መጠየቁ ነው።

አንዳንዴ ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ የረከሰው ቦታው ይሆናል። በዚሁ ክፍለ ከተማ ረጲ የቆሻሻ ክምር ሥር የነበሩት ቤቶች መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን ያጡባቸው ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። ቤት የሚያይ ሰው በበጋ ቀትር ብቻ አይሂድ። በክረምት ዝናብ ማግስት ወንዙ እስከ የት እንደሚሞላ፣ ታክሲው የት ላይ እንደሚያቆም ይይ። የውሃ ቧንቧ ስለመኖሩ ሻጩን ሳይሆን የጎረቤትን እናት ይጠይቅ፤ ጀሪካን የምትሸከመው እሷ ናትና።

መርካቶ የሚነግድ አባት ከፈጅር በኋላ ወጥቶ ከዒሻ በኋላ የሚገባበት ቤት፣ ልጆቹ ተኝተው የሚያያቸው ቤት ነው። በየቀኑ የሚከፈለው የታክሲ ሒሳብ በወር ተደምሮ ከኪራዩ ጋር ይነጻጸር። መድረሳው በእግር የሚደረስ ነው ወይ? ጀናዛ ሲወጣ የሚቆም ዕድር አለ ወይ? እነዚህ ከሴራሚኩ ቀድመው የሚታዩ ናቸው።

ይህን ሁሉ ስል ዳር መውጣት ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ዓለም ባንክም ቤቴልም ትናንት ዳር ነበሩ፤ ያን ጊዜ ሕጋዊ ቦታ ይዘው ጭቃውን የታገሡ ዛሬ ደህና ሰፈር ውስጥ ናቸው። ለወጣት ባለትዳሮች የምመክረው ሁለት ክፍል ብቻ ያላት፣ ካርታዋ ግን የጠራ ቤት ነው። ሰፊው ግቢ ያለ ካርታ ከሆነ ይቅርባቸው።

ገንዘቡ ለሚጎድልባቸው የወለዱ መንገድ ብቻ አይደለም ያለው። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነው የመጀመሪያው ባንክ ዘምዘም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ሌሎችም ባንኮች ከወለድ ነጻ አገልግሎት አላቸው። በሙራበሓ ባንኩ ንብረቱን ራሱ ገዝቶ ትርፉን አሳውቆ ለደንበኛው ይሸጣል። ገንዘብ የሞላለት ሰው እንኳ ካርታውን ይዞ ወደ አንዱ ባንክ ጎራ ቢል፣ ቤቱን በዋስትና ይቀበሉት እንደሆነ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። ሻጩ ለዚህ የሚሆን ሁለት ቀን አልሰጥም ካለ፣ «ሌላ ገዢ ቆሟል» ካለ፣ ለዚያ ለሌላው ገዢ ይሽጥለት።