ጣሪያው የማን ነው?

የሚኖሩበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የወጡት መቼ ነው? ምናልባት ውሃ ጠፍቶ ሮቶው ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ ለማየት፣ ወይም ንፋስ ያዞረውን ዲሽ ለማስተካከል ይሆናል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሲኤምሲ አካባቢ ባለ አምስት ፎቅ አፓርታማ ውስጥ አራት ዓመት ስኖር፣ ጣሪያው ለእኔ ሮቶ የተደረደረበት፣ በሩ ሁልጊዜ በቁልፍ የተዘጋ፣ ልጆች «እዚያ እንዳትወጡ» የሚባሉበት ቦታ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ጣሪያችን ላይ ትልቅ ቢልቦርድ ለመትከል ጠየቀ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ የሕንፃው ኮሚቴ «አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ድርድሩን ያዢልን» አለኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ቦታው ከየት ከየት እንደሚታይ፣ በዓመት ምን ያህል ኪራይ እንደሚያስገባ፣ ገንዘቡም በየወሩ የሚበላሸውን ሊፍታችንን እንዴት እንደሚያሠራልን በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ ስብሰባ ገባሁ። በእኔ ቤት ጉዳዩ አልቋል።

አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ወረቀቱን ተቀበሉ፤ መነጽራቸውን አድርገው ፊትና ጀርባውን አገላበጡት። ከዚያ ቀና ብለው «ልጄ፣ እዚህ ወረቀት ላይ እኔ የት ነው ያለሁት?» አሉኝ። ጉለሌ የነበረውን ሰፊ ግቢያቸውን ትተው ከልጃቸው ጋር መኖር ከጀመሩ ሦስት ዓመታቸው ነው። ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ካልሆነ ብዙም አይወርዱም። «ለቡናዬ የምትሆን ጤና አዳም እንኳ እየገዛሁ ነው» ሲሉ ስብሰባው ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

መልስ አልነበረኝም። ውሳኔው ለአንድ ወር ተላለፈ። እኔም «ጣሪያውን አትክልት ብናደርገውስ?» የሚለውን አጥንቼ እንድመለስ ተላክሁ። እርስዎም ነገ በሕንፃዎ ስብሰባ ላይ ይህ ጥያቄ ሊቀርብልዎ ይችላልና፣ ያገኘሁትን ላካፍልዎ።

አረንጓዴ ጣሪያ ሲባል

አረንጓዴ ጣሪያ ማለት ጥቂት የአበባ ማሰሮ መደርደር ብቻ አይደለም። ከታች ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ፣ በላዩ ሥር እንዳይበሳው የሚከላከል ሌላ ንጣፍ፣ ከዚያ ትርፉን ውሃ የሚያወጣ ክፍል፣ በመጨረሻም ቀለል ያለ አፈርና ተክል ያለበት ሥራ ነው። በጥቅሉ ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ስስ ነው፤ የአፈሩ ጥልቀት ከ15 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፣ ድርቅ የሚችሉ አጫጭር ተክሎች ይበቅሉበታል። ሁለተኛው ወፍራም ነው፤ ቁጥቋጦና አትክልት ይይዛል፣ ሰውም ይዝናናበታል።

ልዩነታቸው በዋናነት ክብደት ነው። ስሱ ውሃ ጠጥቶ ሲረካ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአብዛኛው ከ60 እስከ 150 ኪሎ ያርፋል። ወፍራሙ ከ200 ኪሎ በላይ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ኮንዶሚኒየሞች ለዚህ አይሆኑም። ሶሌታ ጣሪያ ያላቸውም ቢሆኑ መሐንዲስ ሳያያቸው አንድ ጆንያ አፈር መውጣት የለበትም።

ስለ ሙቀትና ስለ ዝናብ የሚነገረው ብዙ ነው። እኔን የተላከልኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ ይህ ነገር ለሰዎች ምን ያደርጋል?

ዐርባ ሰከንድ

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። 150 ተማሪዎች ትኩረት የሚጠይቅ አሰልቺ የኮምፒውተር ሥራ ተሰጣቸው። መሐል ላይ የ40 ሰከንድ ዕረፍት ተደረገ። ግማሾቹ ስክሪኑ ላይ አበባ ያበቀለ ጣሪያ፣ ግማሾቹ ባዶ የኮንክሪት ጣሪያ አዩ። ወደ ሥራው ሲመለሱ አረንጓዴውን ያዩት የሠሩት ስህተት ያነሰ፣ ትኩረታቸውም የተረጋጋ ሆኖ ተገኘ።

ልብ ይበሉ፣ ተማሪዎቹ ጣሪያው ላይ አልወጡም፤ ያዩት ምስል ብቻ ነው። እኔም ከቢሮዬ መስኮት የምመለከተውን አሰብኩ። የዛገ ቆርቆሮ፣ ሮቶ፣ የተንጠለጠለ ሽቦ። የእኔ ሕንፃ ጣሪያ ደግሞ ከፊት ለፊታችን ላለው ረጅም ሕንፃ ነዋሪዎች የየዕለት እይታቸው ነው። ጣሪያችን ውስጥ እኛ የማናውቃቸው ሰዎች ድርሻ አላቸው ማለት ነው።

ጎረቤት የሚያገናኝ አፈር

በስዊድን ማልሞ ከተማ ኦገስተንቦርግ የሚባል ሰፈር አለ። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ የኪራይ ቤቶች መንደር ነው። ከጊዜ በኋላ እያረጀ ሄደ፤ ዝናብ ሲበረታ ፍሳሹ ሞልቶ ምድር ቤቶቹን ያጥለቀልቅ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1998 ከተማውና የቤቶቹ ድርጅት ሰፈሩን የማደስ ሥራ ጀመሩ፤ ክፍት የውሃ ቦዮች፣ ኩሬዎችና አረንጓዴ ጣሪያዎች ተሠሩ። ወደ 9,500 ካሬ ሜትር የሚሆን የጣሪያ እፅዋት ማዕከልም በ2001 ተከፈተ። ነዋሪዎችና የትምህርት ቤት ልጆች በዕቅዱ ላይ ሐሳብ ሰጡ፣ በሥራውም ተሳተፉ።

ውጤቱ በጎርፍ ብቻ አልተለካም። ቤቱን እየለቀቀ የሚሄደው ተከራይ ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። በነሐሴ 2014 መጨረሻ ማልሞን ከባድ ዝናብ ሲመታት ሰፈሩ ከአካባቢው የተሻለ ተቋቁሞታል። እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ያመጣው ጣሪያው ብቻውን አይደለም፤ ቤቶቹም ታድሰዋል፣ የቆሻሻ አያያዙም ተለውጧል። ግን ሰዎች ስለ ሰፈራቸው አንድ ላይ የሚነጋገሩበት ምክንያት ማግኘታቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሲንጋፖር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 በይፋ የተከፈተው ኩ ቴክ ፏት ሆስፒታል ደግሞ ጣሪያው ላይ የአትክልትና የፍራፍሬ እርሻ አለው። የሚንከባከቡት የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ጡረተኞችም ይገኙበታል። ይህን ሳነብ የአራተኛ ፎቋ እናት ትዝ አሉኝ። ለእሳቸው የጎደላቸው አየር ብቻ አይደለም፤ «ይህን እሳቸው ያውቁበታል» የሚባሉበት ሥራ ነው።

ማን ይጠቀማል? ማን ይገፋል?

በክረምት ጣሪያችን ላይ የሚወርደው ዝናብ በቱቦ ወርዶ ወደ መንገድ ይፈሳል፤ ከዚያ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ወንዝ። አረንጓዴ ጣሪያ የተወሰነውን ይዞ ያስቀራል፣ የቀረውንም ያዘገየዋል። አፈሩ ከጠገበ በኋላ የሚመጣ ከባድ ዝናብ ላይ አቅሙ እንደሚቀንስም ማወቅ ጥሩ ነው። አንድ ጣሪያ ብቻውን ከተማ አያድንም። ብዙ ሲሆኑ ግን ዋነኞቹ ተጠቃሚዎች የጣሪያው ባለቤቶች ሳይሆኑ ታች ወንዝ ዳር የሚኖሩ ቤተሰቦች ናቸው። ከፋይና ተጠቃሚ ሲለያዩ ከተማ ሕግ ታወጣለች። ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ባጸደቀችው ደንብ ትልልቅ አዳዲስ ሕንፃዎች ከጣሪያቸው የተወሰነውን አረንጓዴ እንዲያደርጉ ያስገደደችው በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው።

አረንጓዴ ሁሉ ግን ለሁሉም አይደለም። የቺካጎ ማዘጋጃ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 የተተከለ ዝነኛ የጣሪያ አትክልት አለው። ሆኖም ለሕዝብ ክፍት አይደለም፤ የሚያዩት ከዙሪያው ካሉ ረጃጅም ሕንፃዎች የሚመለከቱ ሰዎች ናቸው። በኒውዮርክ ደግሞ አሮጌ የባቡር ድልድይ ላይ የተሠራውና የመጀመሪያ ክፍሉ በ2009 የተከፈተው ሃይ ላይን ፓርክ አለ። የአረንጓዴ ጣሪያን አሠራር የተከተለ ነው፤ በየዓመቱ ሚሊዮኖች ይጎበኙታል። ነገር ግን በዙሪያው የቤት ዋጋ ናረ። በአቅራቢያው በመንግሥት ቤቶች የሚኖሩት ብዙም አልመጡበትም። ከመሥራቾቹ አንዱ ለእነዚያ ጎረቤቶች የሚገባውን እንዳላደረጉ በይፋ ተናግሯል። ፓርኩ ምን ይምሰል ብለው ጠየቁ እንጂ፣ ለእናንተ ምን እናድርግላችሁ ብለው አልጠየቁም።

ከመትከል በፊት መቁጠር

እኛ የማርኬቲንግ ሰዎች አንድ ልማድ አለን። ዘመቻ ከመጀመራችን በፊት አሁን ያለንበትን እንለካለን፤ አለበለዚያ በኋላ ምን እንደተለወጠ አናውቅም። እኔም ደብተር ይዤ በየበሩ አንኳኳሁ። እርስዎም ይህን ማድረግ ይችላሉ፤ ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው።

አንደኛ፣ በሕንፃው ውስጥ የስንት ጎረቤት ስም ያውቃሉ? ሁለተኛ፣ ልጅዎ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የት ይጫወታል? ሦስተኛ፣ ደረጃ መውጣት የሚቸግረው የቤተሰብ አባል አለ? አራተኛ፣ በበጋ ውሃ በፈረቃ ሲሆን ተክሉን ማን፣ በምን ውሃ ያጠጣል? አምስተኛ፣ ስብሰባ ላይ ተጠርተው ያውቃሉ?

የመጀመሪያው ጥያቄ አሳፈረኝ። አብዛኛው ሰው ከሁለት በላይ ስም አልጠራም፤ እኔም ራሴ። ሦስተኛው ጥያቄ ዕቅዴን አፈረሰው። ሊፍቱ ካልተሠራ አትክልቱን ያስጀመሩት እናት ራሳቸው ሊያዩት አይችሉም። የናቅሁት የቢልቦርድ ገንዘብ ተመልሶ መጣ። አምስተኛው ደግሞ ያላሰብኩትን አሳየኝ። ስብሰባ የምንጠራው ባለቤቶችን ብቻ ነው። ከሕንፃው ነዋሪ ግማሽ ያህሉ ግን ተከራይ ነው።

የእኛ ጣሪያ

በሁለተኛው ስብሰባ ተከራዮችም ተጠሩ። ሦስት ሰዓት ያህል ተከራከርን። መሐንዲሱ አይቶ አፈር በሙሉ ጣሪያው ላይ እንደማይነጠፍ፣ በምሰሶዎቹ መስመር ላይ ግን ሳጥኖች ማስቀመጥ እንደሚቻል ነገረን። ማስታወቂያው በመንገዱ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ በትንሽ መጠን እንዲሆን፣ ኪራዩም ለሊፍቱ እንዲውል ተስማማን። የጣሪያው ዙሪያ አጥር ከፍ ተደረገ፤ ልጆች ያለ አዋቂ እንዳይወጡ ተወሰነ። የልብስ ማጠቢያ ትርፍ ውሃ እንጠቀም ያሉ ነበሩ፤ ሳሙናው ለሚበላ ቅጠል አይሆንም ብለን የክረምቱን ዝናብ የሚያጠራቅም አንድ ሮቶ ጨመርን።

አሁን ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ በሶብላ፣ ኮሰረትና እርግጥ ነው ጤና አዳም አለን። የአራተኛ ፎቋ እናት ቅዳሜ ቅዳሜ በሊፍት ይወጣሉ። ልጆቹ ችግኝ ሲያጠጡ «ሥሩን እንጂ ቅጠሉን አይደለም» እያሉ ይቆጣሉ። አንዳንድ ቅዳሜ ቡናው እዚያው ይፈላል። እኔም የአሥራ አንድ ጎረቤት ስም አውቃለሁ።

ሁሉም አልሰመረም። ሁለት ቤተሰቦች አንድም ቀን አልወጡም፤ ለምን እንደሆነ ገና አልጠየቅኋቸውም። ውሃ የማጠጣቱ ተራ በሦስት ሰዎች ላይ ወድቋል። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ወር አንድ የቤት ባለቤት አፓርታማውን «የጣሪያ አትክልት ያለው» ብሎ በተሻለ ዋጋ ለኪራይ አወጣ። ቤቱን የሚለቁት ባልና ሚስት የመጀመሪያዎቹን ሳጥኖች አብረውን የሞሉ ናቸው። ኪራይ የሚወስነው ኮሚቴ አይደለም። ቢሆንም በመጪው ስብሰባ ነገሩን አነሳዋለሁ፤ ቢያንስ ባለቤቶቹ ፊት ለፊት እንዲነጋገሩበት።

ስለዚህ ጣሪያዎ ላይ አንድ ነገር ለመሥራት ካሰቡ፣ ስለ ተክሉ ከመጠየቅዎ በፊት ደብተር ይዘው በየበሩ ያንኳኩ። ወረቀትዎን ሲያዘጋጁም የሁሉም ሰው ቦታ መኖሩን ያረጋግጡ፤ የባለቤቱም፣ የተከራዩም፣ ደረጃ የሚከብዳቸው እናትም። ካልሆነ አንድ ሰው መነጽሩን አድርጎ ያገላብጠውና «እኔ የት ነው ያለሁት?» ይልዎታል።