ካሴቱ ይቅደም፦ የቤት ቪዲዮ ቅጂና የድሮ ጌም ዓለም ዳሰሳ

በ1995 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኒንቴንዶ ሳተላቪው የተባለ ተቀጥላ መሣሪያ ጃፓን ውስጥ ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው ሱፐር ፋሚኮም ከተባለው የጌም ማሽን ሥር ይገጠምና ጌሞችን ከሳተላይት ይቀበላል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ዝነኛው «ዜልዳ» በአራት ክፍል ተከፍሎ በየሳምንቱ ተሰራጨ። መጫወት የሚቻለው ስርጭቱ በሚተላለፍበት ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ የተራኪውና የተዋንያኑ ድምፅ በዚያው ሰዓት በሳተላይቱ ይመጣ ነበር። የጌሙ ኮድ 1 ሜጋባይት በምትይዝ ካርትሪጅ ላይ ይቀራል፤ ድምፁ ግን ተሰምቶ ያልፋል እንጂ የትም አይቀመጥም። አገልግሎቱ በ2000 ተዘጋ። ዛሬ ያንን ትረካ መስማት የሚቻለው አንዳንድ ተጫዋቾች ሲጫወቱ ሳሎናቸው ያለውን የቪዲዮ ዴክ ቅጂ ላይ አድርገውት ስለነበር ነው። የውጭ አፍቃሪዎች በኋላ ኮዱን ከካርትሪጅ፣ ድምፁን ከካሴት አውጥተው ጌሙን መልሰው ገጣጠሙት።

ለየብቻ የሚመስሉ ሁለት የትርፍ ጊዜ ሥራዎች እዚህ ይገናኛሉ። አንደኛው ወገን የድሮ ቪዲዮ ካሴቶችን ዴካቸውን እየጠገነ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣል። ሌላኛው የ1980ዎቹንና የ1990ዎቹን ጌሞች ዛሬ ባለን ቴሌቪዥን ላይ ያስነሳል። ሁለቱም የሚታገሉት ጀርባው ወጣ ላለው ለዚያ ለጥንቱ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ከተሠራ የአናሎግ ሲግናል ጋር ነው። ገመዱም ችግሩም አንድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጠረጴዛውም ባለሙያውም እንዲሁ።

የቪዲዮ ዴክ ምን ያህል የረቀቀ ማሽን እንደሆነ ሽፋኑን ከፍቶ ላላየ ሰው መገመት ያስቸግራል። የምስል ሲግናል ከድምፅ እጅግ የፈጠነ ስለሆነ፣ እንደ ቴፕ ካሴት በቀጥታ መስመር ይጻፍ ቢባል ፊልሙ በሴኮንድ ብዙ ሜትር መሮጥ አለበት። መፍትሔው ሄዱን፣ ማለትም ሲግናሉን ፊልሙ ላይ የሚጽፈውንና የሚያነበውን ክፍል፣ ማሽከርከር ሆነ። በቪኤችኤስ ዴክ ውስጥ 62 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ከበሮ ዘንበል ብሎ ተቀምጧል፤ ፓል የተባለውን የቴሌቪዥን ሥርዓት በሚከተል እንደኛ ባለ አገር በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል። ፊልሙ በሴኮንድ ከ2.3 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ብቻ በልጦ ይሳባል፤ ሄዱ ግን በላዩ ላይ በሴኮንድ 5 ሜትር ገደማ እየሮጠ ሰያፍ መስመሮችን ይጽፋል። የሦስት ሰዓት ካሴት በዚህ ዘዴ 250 ሜትር ገደማ ፊልም ይበቃዋል። በቀጥታ መስመር ቢጻፍ ኖሮ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ፊልም በወሰደ ነበር። ይህን ያሰቡትን መሐንዲሶች ሳላደንቅ ዴክ ከፍቼ አላውቅም።

ሶኒ ቤታማክስ የተባለውን የቤት ቪዲዮ ካሴት በ1975 አወጣ፤ ጄቪሲ በሚቀጥለው ዓመት ቪኤችኤስን ይዞ ተከተለ። የቤታማክስ ካሴት መጀመሪያ ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ሲይዝ ቪኤችኤስ ሁለት ሰዓት ስለያዘ፣ ሙሉ ፊልም መቅዳት ለሚፈልግ ቤተሰብ ምርጫው ግልጽ ነበር። የሆሊዉድ ኩባንያዎቹ ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ ሶኒን ፍርድ ቤት አቆሙት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጥር 1984፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ሰው የቴሌቪዥን ዝግጅትን ቤቱ ቀድቶ በሚመቸው ሰዓት ማየቱ ጥፋት እንዳልሆነ በየነ። ለዚህ ሁሉ የቤት ቅጂ መሠረት የሆነው ያ ፍርድ ነው። ከተጠቃሚዎቹ መካከል የፊላደልፊያዋ ማሪዮን ስቶክስ ከሁሉም ትበልጥብኛለች። በ2012 እስክትሞት ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዜና ያለማቋረጥ ስትቀዳ 70 ሺህ ገደማ ካሴት አጠራቀመች። ጣቢያዎች ራሳቸው ያላስቀመጡት ብዙ ስርጭት በእሷ ቤት ተገኘ።

የመጨረሻው የዴክ አምራች የጃፓኑ ፉናይ በ2016 ማምረቱን አቆመ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ያለው ዴክ ሁሉ አሮጌ ነው። ስለዚህ የዚህ ሙያ የዕለት ተዕለት ሥራ ጥገና ነው። ጎማዎቹ ይደርቃሉ ወይም ይቀልጣሉ። ፊልሙን የሚጫነው ሮለር ይለሰልስና መያዝ ያቅተዋል። ሄዱ ሲቆሽሽ ምስሉ በበረዶ ይሸፈናል። ማጽጃው ንጹሕ አልኮል የነካ ለስላሳ ቆዳ ወይም ወረቀት ነው፤ እሱን ሄዱ ላይ አስጠግቶ ይዞ ከበሮውን በእጅ ቀስ አድርጎ ማዞር። ወደ ላይና ወደ ታች መፈተግ ፀጉር የምታክለውን ሄድ ይሰብራታል፤ የጆሮ ጥጥም ክሩ ስለሚያያዝ አይመከርም። የሻገተ ካሴት በጤነኛ ዴክ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ሻጋታው ከሄዱ ወደ ቀጣዩ ካሴት ይተላለፋልና።

ዴኩ ከተስተካከለ በኋላ ካሴቱን ወደ ፋይል መለወጡ ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ርካሽ የዩኤስቢ መገልበጫ ሁሉም ቦታ ይሸጣል። አሮጌ ካሴት ግን የእያንዳንዱ መስመር መነሻ ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይዛነፋል። ባለ ቱቦው ቴሌቪዥን ይህን በትዕግሥት ይከተለዋል፤ ዲጂታል መገልበጫ ግን ይደናገርና ፍሬሞችን ይጥላል። ውጤቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከከንፈር የተለያየ ድምፅ፣ ላዩ የተጎነበሰ ምስል ነው። የመስመሮቹን ጊዜ የሚያስተካክለው መሣሪያ ታይም ቤዝ ኮሬክተር ይባላል፤ የስቱዲዮ ዕቃ ስለሆነም ውድ ነው። አፍቃሪዎቹ ግን አንዳንድ የፓናሶኒክ ዲቪዲ መቅጃዎች፣ በተለይ ኢኤስ10 እና ኢኤስ15፣ ሲግናሉ በውስጣቸው ሲያልፍ ይህንኑ ሥራ እንደሚሠሩ ደረሱበት። ሰው ከቤቱ አውጥቶ የጣለው ዕቃ በዴኩና በኮምፒውተሩ መካከል ተፈላጊ ሆነ።

ከዚህም የራቀ መንገድ አለ። ቪኤችኤስ ዲኮድ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር የሚሠሩት ሰዎች የዴኩን ቢጫ ጃክ ጨርሶ አይጠቀሙም። ሽቦ ሄዱ አጠገብ ካለው ማጉያ ላይ በይደው፣ ጥሬውን የሬዲዮ ሞገድ እንዳለ ኮምፒውተር ላይ ያወርዳሉ፤ ዴኩ ይሠራው የነበረውን የመፍታት ሥራ ሶፍትዌሩ ይሠራዋል። ፋይሉ ግዙፍ ነው፣ ሒሳቡም ሰዓታት ይወስዳል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ፊልሙ ላይ ያለው ሁሉ አንድ ጊዜ መያዙ ነው፤ ነገ የተሻለ መፍቻ ሲጻፍ ካሴቱን ደግሞ ሳያዳክሙ ያንኑ ፋይል እንደገና መፍታት ይቻላል። በእኔ ግምት በዚህ ዘርፍ ባለፉት ዓመታት ከተሠራው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ወደ ጌሙ ወገን ስንሻገር ያው የአናሎግ ሲግናል ይቀበለናል። የድሮ የጌም ማሽኖች ቴሌቪዥኑን በብልሃት ይጠቀሙበት ነበር። መደበኛ ስርጭት አንዱን ምስል በሁለት ዙር፣ ጎዶሎና ሙሉ መስመሮችን እያፈራረቀ ይሥላል። ጌሞቹ ግን ሁለቱንም ዙር እዚያው መስመር ላይ ይደግሙታል፤ የመስመሩ ብዛት በግማሽ ይቀንሳል፣ እንቅስቃሴው ግን በሴኮንድ 60 ሙሉ ምስል ይሆናል። የዛሬ ቴሌቪዥን ይህን አያውቅም። እንደ ተራ ስርጭት ቆጥሮ ሁለቱን ዙር ይደባልቃቸዋል። የተመታ ገጸ ባሕርይ አንዱ ምስል ላይ ታይቶ ቀጣዩ ላይ እየጠፋ ብልጭ ድርግም እንዲል የተሠራ ነበር፤ በሴኮንድ 30 ምስል የሚቀዳ መገልበጫ ወይ ጨርሶ ያጠፋዋል፣ ወይ ምንም እንዳልሆነ ያቆመዋል። ኦኤስኤስሲና ሬትሮቲንክ የተባሉት ምስል ማሳደጊያዎች የተሠሩት ይህን ለመፍታት ነው፤ ሁለቱም ከአፍቃሪዎች ጠረጴዛ የወጡ ናቸው።

ማሳደጊያ የማይፈታውም አለ። የኒንቴንዶን የዳክዬ አደን ጌም የተጫወተ ሰው ሽጉጡን ያስታውሳል። ቃታው ሲሳብ ምስሉ ለቅጽበት ይጠቁርና ዳክዬዋ የነበረችበት ቦታ ነጭ ይሆናል፤ ሽጉጡ ብርሃኑን ካየ ተመታች ማለት ነው። ዘመናዊ ስክሪን ብርሃኑን አዘግይቶ ስለሚያወጣ ሽጉጡ ምንም አያይም። ባለ ቱቦው ቴሌቪዥን የሚፈለገው ለእንዲህ ያለው ነው። በፓል አገሮች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፦ ብዙ ጌሞች ለ60 ዙር ተጽፈው በ50 ዙር ስለተሸጡ 17 በመቶ ገደማ ዘግይተው ይሄዱ ነበር። በልጅነታችን የለመድነው የሙዚቃ ምት ደራሲው ያሰበው አልነበረም።

ማሽኑ ራሱም ያረጃል። ጌሙን ያቆሙበትን ቦታ የምትይዘው ትንሽ ባትሪ ታልቃለች፤ ካፓሲተሮች ፈሳሽ አፍስሰው ሰሌዳውን ይበላሉ። መበየጃ መያዝ የሚችል ሰው ሁለቱንም ይለውጣል። ማሽኑን በሶፍትዌር ማስመሰል ሌላው መንገድ ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ትልቁ ሥራ በ1997 ጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ የጀመረው ማሜ ነው። በ2017 የተጀመረው ሚስተር ደግሞ የድሮውን ቺፕ የኤሌክትሪክ ዑደት ውስጡ እንደገና በሚዋቀር ቺፕ ላይ መልሶ ይገነባል። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጥንታዊ ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በመደበኛ ገበያ አይገኙም፤ እነዚህን ማስመሰያዎች ከጨዋታ በላይ የሚያደርጋቸውም ይህ ነው።

ሁለቱ ሙያዎች ፍርድ ቤት ድረስ የተገናኙበትም ጊዜ አለ። የጌም ውጤት መዝጋቢው ትዊን ጋላክሲስ ለብዙ ዓመታት ማስረጃ የሚቀበለው በቪዲዮ ካሴት ነበር። በ2018 የአንድ ታዋቂ ተጫዋች የ«ዶንኪ ኮንግ» ክብረ ወሰኖች ተሰረዙ። ምክንያቱ ካሴቱ ላይ አዲስ ደረጃ ሲጀምር ምስሉ ቁራጭ በቁራጭ የሚሣልበት ቅደም ተከተል ከዋናው ማሽን ጋር አይገጥምም መባሉ ነው። ተጫዋቹ ክሱን አስተባብሎ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ2024 ሁለቱ ወገኖች ታረቁና ውጤቶቹ በታሪክ መዝገብ ውስጥ ተመለሱ። የዓመታት ክርክር በጥቂት ፍሬሞች ላይ ነበር። ገልባጩ ፍሬም ሲጥል ወይም ሲደባልቅ ምን እንደሚያጠፋ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

በእኛ ዘንድ ይህ ዓለም ሌላ ክብደት አለው። አዲስ አበባ ውስጥ ዴክ ያላቸው ቪዲዮ ቤቶች ለብዙ ሰፈር ልጅ ሲኒማው ነበሩ፤ ከእነሱ በኋላ የመጡት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ጆይስቲክ አስያዙት። ከሁሉ በላይ ግን ሠርጉ፣ መልሱ፣ ክርስትናውና ምርቃቱ በቪኤችኤስ ተቀርጿል። ቅጂው ወደ ሮም፣ ቴልአቪቭ ወይም ዱባይ ሲላክ አገሮቹ እንደኛ ፓል ስለሆኑ ችግር አልነበረም። ዋሽንግተን ሲደርስ ግን የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ዴክ አያነበውም፤ ምስሉ እየተንከባለለ ቀለሙን ጥሎ ይመጣል። ሁሉንም ሥርዓት የሚያነብ ዴክ ያለው ዘመድ ቤት የሚሞላውም ለዚሁ ነበር። ዛሬም ካሴቱን የሚገለብጥ ሰው በተቀረጸበት ሥርዓት ይያዘው፤ ፓል ከሆነ 576 መስመር፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም። ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ይመቻል ብሎ ወደ 30 መለወጥ ጉዳት እንጂ ትርፍ የለውም።

የሁለቱን ዘርፍ ሁኔታ ጎን ለጎን ሳይ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ገንዘቡም ጉልበቱም ወደ ጌሙ ያደላል። ይሁንና አንድ የ«ሱፐር ማሪዮ» ካርትሪጅ ቢበላሽ ያው ኮድ በሚሊዮን ቅጂ ዓለም ላይ አለ። የአንድ ቤተሰብ የሠርግ ካሴት ግን አንድ ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብት ከዓመታት በፊት 2025ን የመጨረሻ ገደብ ብሎ አስጠንቅቆ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑም፣ መለዋወጫውም፣ ባለሙያውም እየጠፉ ስለሚሄዱ። ያ ገደብ ደርሷል። ስለዚህ ትርፍ ሰዓትና መበየጃ ያለው የጌም አፍቃሪ የእጁን ሙያ መጀመሪያ ለካሴት ቢያውለው እመርጣለሁ፤ የሚያስፈልገውን ዕውቀት አብዛኛውን አስቀድሞ ይዟል።

ሣጥን ሙሉ ካሴት ላለው ሰው ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ጀርባቸው ላይ ያለችው የቅጂ መከላከያ ፕላስቲክ ካልተሰበረች ዛሬውኑ ትሰበር፤ በስህተት የሚደረብ ቅጂ ከሻጋታ ይከፋል። ሌላ ቅጂ የሌላቸው ይለዩና እነሱ ይቅደሙ። ነጭ ብናኝ የታየባቸው ለብቻ ይቀመጡ። ካሴቱ ከመገልበጡ በፊት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሄዶ ይመለስ፤ ፊልሙ ተላቆ እኩል ይጠቀለላል። ጥራቱ ሳይቀነስ ሲያዝ በሰዓት 30 ጊጋባይት ገደማ ስለሚወስድ ዲስኩ አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ለስልክ የሚላከው ትንሽ ፋይል ከዚያ በኋላ ይወጣል። ዋናው ፋይል በሁለት ዲስክ፣ ቢቻል በሁለት የተለያዩ ቤቶች ይቀመጥ። ካሴቱም አይጣል፤ ከሄዱ በቀጥታ የሚገለብጥ ሰው በተገኘ ቀን እንደገና ዴክ ውስጥ ይገባል።