ከቶጎጫሌ ገበያ ባሻገር፦ የሜዳው ወፍና አቦ ሸማኔ



ብዙዎቻችን ቶጎጫሌን የምናውቃት በገበያዋ ነው። ከጅጅጋ ተነስተን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንጓዝ የምናስበው ስለ ልብሱ፣ ስለ ስልኩና ስለ ኬላው ፍተሻ ነው። ግራና ቀኝ የተዘረጋውን የሣር ሜዳ ባዶ መሬት አድርገን እናልፈዋለን። ሱረቱል አንዓም 38ኛው አንቀጽ ግን በምድር ላይ የሚሄዱ እንስሳትና በክንፎቻቸው የሚበሩ ወፎች እንደ እኛው ሕዝቦች መሆናቸውን ያስተምረናል። በዚህ ጽሑፍ ከሜዳው ሕዝቦች ሁለቱን እናስተዋውቃችኋለን።

የመጀመሪያዋ ላርክ ከሚባለው ወገን የሆነች ትንሽ ወፍ ናት። ቀለሟ የደረቀ ሣር ይመስላል። ሰው ሲቀርባት ከመብረር ይልቅ በሣሩ መካከል እየሮጠች መሸሸግ ይቀናታል። ጎጆዋንም የምትሠራው መሬት ላይ፣ በሣር ጉጥ ሥር ነው። በቶጎጫሌ ማዶ ባለው የሶማሌላንድ ሜዳ ተመራማሪዎች ያገኟት ከመቶ ዓመት በፊት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1922 በኋላ ግን በዚያ በኩል በእርግጠኝነት ያያት አልተገኘም። የእርሷው ዓይነት ወፍ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በነገሌ ቦረና አቅራቢያ በሚገኘው የሊበን ሜዳ ትኖራለች። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ የተለያዩ ዝርያዎች ተደርገው ይቆጠሩ ነበር። በኋላ በጅጅጋ አቅራቢያ ተመሳሳይ ወፎች ተገኙ። የዘረመል ምርመራ ተደርጎም ሦስቱም አንድ ዝርያ መሆናቸው እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ተገለጸ። ዛሬ ይህች ወፍ ከምድረ ገጽ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግባለች። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሜዳው ሲታረስ ወይም ሣሩ እስከ ሥሩ ሲጋጥ ጎጆዋን የምትሸሽግበት ቦታ አይቀራትም።

ሁለተኛው አቦ ሸማኔ ነው፤ በሶማሊኛ ሃረመዓድ ይባላል። በመላው ዓለም በዱር የቀሩት 7,000 ገደማ ብቻ ናቸው። የዚህ አካባቢ ትልቁ ፈተና የግልገሎች ንግድ ነው። ግልገሎች ከእናታቸው ተነጥቀው ከኢትዮጵያ ወደ ሶማሌላንድ፣ ከዚያም በባሕር ወደ የመንና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በድብቅ ይወሰዳሉ። እዚያ የሀብታም ቤት ማጌጫ ይሆናሉ። አቦ ሸማኔ በሰው እጅ ሆኖ በቀላሉ ስለማይራባ፣ ለዚህ ገበያ የሚቀርበው ግልገል በአብዛኛው ከዱር የተነጠቀ ነው። ከእናቱ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ያህል መቆየት የሚገባው ግልገል፣ ወተት ሳይጠግብ በጆንያና በካርቶን ታጭቆ ይጓዛል። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ያልቃሉ። በሶማሌላንድ በኩል ከነጋዴዎች እጅ የተያዙ በርካታ አቦ ሸማኔዎች በመጠለያ ይኖራሉ። በእኛም አገር ሆለታ አቅራቢያ በሚገኘው እንሰሳ ኮቴ የተረፉ እንስሳት ይጠለላሉ። አደን ሳይማር ያደገ ግልገል ግን ወደ ሜዳው ለመመለስ ይቸገራል።

በአርብቶ አደሩ ላይ ብቻ ጣት መቀሰር ፍትሕ አይደለም። ፍየሉ የተበላችበት ሰው ጉዳቱ እውነተኛ ነው፤ ግልገሎቹን የሚይዘውም አንዳንዴ ኪሳራውን ለማካካስ ነው። ነገር ግን አቦ ሸማኔ በአብዛኛው የሚያድነው በቀን ነው። ሌሊት ከበረት የጠፋች ፍየል የጅብ ወይም የነብር ሲሳይ የመሆኗ ዕድል ይበልጣል። ስለዚህ ቀን ንቁ እረኛ፣ ሌሊት ጠንካራ የእሾህ አጥር ከብቱንም አውሬውንም ያድናል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ሳሉ ሰሓቦች የአንዲትን ወፍ ጫጩቶች ወስደውባት፣ እናቲቱ ስትንሰፈሰፍ ባዩ ጊዜ ልጆቿ እንዲመለሱላት ማዘዛቸውን አቡ ዳዉድ ዘግበዋል። ድመት አስራ፣ ሳታበላትም ሳትለቃትም በረሃብ የገደለች ሴት መቀጣቷም በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የእናትን ልጅ መንጠቅና እንስሳን አስሮ ማስራብ በዲናችን ቀላል ጉዳይ አለመሆኑን ከእነዚህ እንረዳለን። በአገራችንም ሕግ የዱር እንስሳት ይጠበቃሉ።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ግልገል ለሽያጭ ሲቀርብ ካየን አንግዛ፤ «ከሚሰቃይ ገዝቼ ላድነው» ማለትም ለነጋዴው ገበያ መክፈት ነው። አብረን ፎቶ ተነስተን ብናሰራጭም ፈላጊ እናበዛለን። ይልቁንስ ለፖሊስ ወይም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን እንጠቁም። እረፍት ወጥተን ወደ ቤተሰብ ስንመለስም ስለ ቀንና ሌሊት አዳኞች ልዩነት ለአባቶቻችንና ለአጎቶቻችን እንንገር፤ ከመጽሐፍ ያነበብነውን እነርሱ በሜዳው ከሚያውቁት ጋር እናገናኘው። ግብርና፣ ባዮሎጂና እንስሳት ሕክምና የምታጠኑ ደግሞ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትፈልጉ ይህን ሜዳ አስቡት። የዚያችን ወፍ ኑሮ በቅርብ ሊከታተል የሚችል ከጅጅጋ ተማሪ የቀረበ ማን አለ?

አላህ አማናችንን ከሚወጡት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።