ዋንጫውና የልደት ዘመኑ

ከጎንደር ተነሥቶ የሊማሊሞን መንገድ የያዘ ሰው መጀመሪያ ዳባትን፥ ቀጥሎም የሰሜን ተራሮች መግቢያ የሆነችውን ደባርቅን ያገኛል። በዚያ ደጋ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ልጅ በእግሩ አይታማም።

ይህን ልጅ በትምህርት ቤትም ሆነ በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሚያሠለጥን መምህር አንድ ቀን ፈተና ሊገጥመው ይችላል፤ ይኸውም «ከዕድሜው ሁለት ዓመት ቀንሰህ ጻፍና ዋንጫውን እናምጣ» የሚል ምክር ነው። መካሪው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወዳጅ ነው፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

በኛ አስተያየት መምህሩ እንቢ ማለት ይገባዋል። ሜክሲኮ ዕድሜያቸው ያለፈ ተጫዋቾችን በወጣቶች ማጣሪያ በማሰለፏ እ.ኤ.አ. በ1988 ለሁለት ዓመት ታገደች፤ በ1990 ከዓለም ዋንጫ የቀረው ግን ምንም ያላጠፋው ዋናው ቡድኗ ነው።

የኛም ብሔራዊ ቡድን በሰኔ 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ፥ በቅጣት ማረፍ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ በመገኘቱ ያገኘውን 3 ነጥብ አጣ። ተንኮል ነበር አንልም፤ ፌዴሬሽኑም ስሕተቱን አምኗል። ቡድኑ በጳጉሜን ወር ብራዛቪል ላይ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 ረትቶ ምድቡን በ13 ነጥብ በአንደኝነት ጨረሰ። የጎደለውን በእግሩ ሞላው ማለት ነው።

ዕድሜው የተቀነሰለት ልጅ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ወደ ውጭ አገር ለውድድር በሚጠራበት ቀን ፓስፖርቱና የትምህርት ቤቱ መዝገብ ይጋጫሉ። ያን ጊዜ ተጠያቂው ልጁ ነው፤ መምህሩማ ዋንጫውን ከቢሮው መደርደሪያ ላይ አስቀምጦታል።