ሻንጣው ከሚሴ ይታሰራል፣ ቲኬቱ ጅዳ ይቆረጣል

ከሚሴ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ ማሽላና ጤፍ ከሚመዝንበት ቀን እኩል ሻንጣ የሚመዝን አንድ የእህል መደብር አለ። በቅርቡ በደጁ ሳልፍ ሚዛኑ ላይ ጥቁር ሻንጣ ተጋድሞ፣ ለእረፍት መጥታ ወደ ጅዳ የምትመለስ ወጣት ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ዙሪያውን ቆማለች። ሚዛኑ 29 ኪሎ አለ።

«ይበቃል፣ 30 ነው የተባልነው» አለ ወንድምየው።

ባለመደብሩ ብዙ ሻንጣ ያየ ሰው ነውና «እስቲ ቲኬቱን አሳየኝ» አለው። ልጁ ስልኩን አወጣ። ቲኬቱ ላይ የሰፈረው አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ፣ በእጅ የሚያዝ 7 ኪሎ ነው። ቲኬቱን የላከላቸው ደላላ ሁለቱን ደምሮ «30» ብሏቸዋል። እናትየው ነገሩ ሲገባቸው ምንም አላሉም፤ ሻንጣውን ከፍተው ማውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ የወጣው ድርቆሹ ነው።

በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከባቲ እስከ ጅሌ ጥሙጋ፣ ወደ ዐረብ አገር ሰው ያልሸኘ ቤት ብዙ አይደለም። ስለዚህ ይህ ክርክር እዚህ ያረጀ ክርክር ነው። በአንድ አውሮፕላን ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ሴቶች አንዷ ሁለት ሻንጣ አስረክባ ምንም አትከፍልም፤ ሌላዋ በአንድ ሻንጣ ታለቅሳለች። «ለምን?» ሲባል የሚሰጠው መልስ «ቲኬትሽ እንደዚያ ነዋ» የሚል ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ምንም አያስረዳም።

ሰዉ የሚያስበው በአውቶብስ ልክ ነው። በአዲስ አበባ–ደሴ መስመር ሻንጣ ፖርቶመጋላ ላይ ሲወጣ ዋጋው ከረዳቱ ጋር የሚነገር ጉዳይ ነው። ረዳቱ ማዳበሪያውን በዓይኑ ይመዝናል፣ አንድ ዋጋ ይጠራል፣ ተሳፋሪው ግማሹን ይላል፣ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ብዙ የጫነ ብዙ ይከፍላል፤ ትንሽ የጫነ በነፃ ያልፋል። ይህን የለመደ ሰው ቦሌ ሲደርስ ፊት ለፊቱ ያለችው ሠራተኛ ረዳት ትመስለዋለች። እሷ ግን ዋጋ አትቆርጥም። ዋጋው የተቆረጠው ከሳምንታት በፊት፣ ቲኬቱ ሲገዛ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የተጠቀመበት ሲ-47 ከጦርነት የተረፈ አውሮፕላን ነበር። በእነዚያ አውሮፕላኖች ተሳፋሪው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ዕቃው መሐል ላይ ታስሮ ይጓዛል። በዚያ ዘመን ዓለም የሚሠራበት ልክ ለተራው ተሳፋሪ 20 ኪሎ፣ ለአንደኛ ማዕረግ 30 ኪሎ ነበር። የቲኬት ዋጋ በመንግሥታትና በአየር መንገዶች ማኅበር ስምምነት ስለሚወሰን አንዱ ኩባንያ ከሌላው በሻንጣ የሚለይበት መንገድ ጠባብ ነበር። ሕጉም በኪሎ ያስብ ነበር፦ እ.ኤ.አ. በ1929 የተፈረመው የዋርሶ ስምምነት ለጠፋ ሻንጣ ካሣ የሚተምነው በክብደቱ ነበር፤ ለአንድ ኪሎ 250 የወርቅ ፍራንክ።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የአየር ትራንስፖርት ዋጋን ለገበያ ለቀቀች፤ ሌሎችም ተከተሉ። ያኔም ቢሆን ሻንጣ ከቲኬቱ አልተለየም። የለዩት በርካሽ ዋጋ የሚታወቁት የአውሮፓ ኩባንያዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ፍላይቢና ራያንኤር ለሚረከቡት ሻንጣ ማስከፈል ጀመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የነዳጅ ዋጋ ጣሪያ በነካበት በ2008፣ አሜሪካን ኤርላይንስ ለመጀመሪያው ሻንጣ 15 ዶላር ጠየቀ። ምክንያቱ ነዳጅ ነው ተባለ። ነዳጁ ረከሰ፤ ክፍያው ግን እዚያው ቀረ፣ እንዲያውም ጨመረ። ሻንጣ በነፃ በመጫን ስሙን የገነባው ሳውዝዌስት እንኳ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 እጁን ሰጠ።

የነዳጁን ነገር እስቲ እናስላው። በሙያው ዘንድ የታወቀ ግምት አለ፦ አውሮፕላን አንድን ተጨማሪ ክብደት ለመሸከም በሰዓት የዚያን ክብደት ከ3 እስከ 4 በመቶ ያህል ነዳጅ ያቃጥላል። ከአዲስ አበባ ጅዳ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። 23 ኪሎ ሻንጣ እንግዲህ የሚበላው ነዳጅ ሁለት ሊትር ቢሆን ነው። ለሁለት ሊትር ማንም ያን ያህል ገንዘብ አይጠይቅም። በእርግጥ ሻንጣ ጉልበት ይፈልጋል፣ በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥም ለካርጎ ሊሸጥ የሚችል ቦታ ይይዛል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ይመስለኛል። ተሳፋሪ ስልኩ ላይ ቲኬት ሲያወዳድር የሚያየው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው፤ ሻንጣውን ከዚያ ቁጥር ያወጣ ኩባንያ ርካሽ መስሎ ከላይ ይቀመጣል። በአሜሪካ ደግሞ የአገር ውስጥ ቲኬት 7.5 በመቶ ታክስ ሲኖርበት የሻንጣ ክፍያው ከዚያ ነፃ ነው። ይህን ያየ የሒሳብ ሰው ሻንጣውን ወደ ቲኬቱ የሚመልስበት ምክንያት የለውም።

የቲኬት ዓይነት የሚባለው ነገር የተወለደው ከዚህ ነው። ወንበሩ ያው ነው፣ ምግቡም ብዙ ጊዜ ያው ነው። የሚለያየው ከወንበሩ ጋር የተቋጠረው መብት ነው፦ ሻንጣ፣ ቀን መቀየር፣ ገንዘብ ማስመለስ። ወደ አዲስ አበባ ከሚበሩት አንዱ የሆነው ፍላይዱባይ ለምሳሌ ላይት፣ ቫልዩ፣ ፍሌክስ እያለ ይሸጣል፤ በብዙ መስመሮቹ ላይት የገዛ በእጅ ከሚይዘው በቀር ሻንጣ የለውም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በበኩሉ በአብዛኛው ዓለም አቀፍ መስመሩ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ ሁለት ሻንጣ በ23 በ23 ኪሎ በመፍቀድ ይታወቃል። ከሚሴም ሆነ ዋሽንግተን ያለው አበሻ «46 ኪሎ» የሚለውን ቁጥር እንደ ውርስ የያዘው ከዚህ የተነሣ ነው። ችግሩ ሰዉ ቁጥሩን ከአየር መንገዱ ነጥሎ በሁሉም ላይ መጠበቁ ነው።

46 ራሱም ቢሆን 46 አይደለም። በዓለም ላይ ሁለት አቆጣጠር አለ፤ አንዱ በኪሎ፣ ሌላው በሻንጣ ቁጥር። በኪሎ ሲሆን 30 ከተፈቀደልህ እንደፈለግህ ታከፋፍለዋለህ። በቁጥር ሲሆን ግን አንዱን ሻንጣ 30፣ ሌላውን 16 አድርጎ «ድምሩ ያው ነው» ማለት አይሠራም፤ የመጀመሪያው ሻንጣ በራሱ ጥፋተኛ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ በብዙ አየር መንገዶች ከ23 እስከ 32 ኪሎ ያለው ትርፍ አንድ ወጥ ዋጋ መሆኑ ነው። በ1 ኪሎ ያለፈና በ9 ኪሎ ያለፈ እኩል ይከፍላሉ። ከ32 በላይ የሆነ አንድ ሻንጣ ገንዘብ ቢከፈልበትም አይወሰድም፤ ይህ የሚያነሡት ሠራተኞች ወገብ እንዳይሰበር የተበጀ ልክ ነው። ቲኬቱ ላይ ቁጥርን ተከትሎ ፒ እና ሲ የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ በሻንጣ ቁጥር ነው፤ ኬ ካለ በኪሎ ነው። ባለመደብሩ የፈለገው ይህችን ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ለአንድ ነጋዴ ወይም ለጎብኚ የቲኬት ዓይነት ምርጫ ነው፤ ቁጠባውም ሸክሙም የራሱ ነው። ከከሚሴ በኮንትራት ለምትሄድ ልጅ ግን የሚመርጠው ሌላ፣ የሚሸከመው ሌላ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣውን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመድኑን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል። መልካም ሕግ ነው፤ ከዚያ በፊት በዚህ ስም ስንት ቤት በሬ ሸጧል። ነገር ግን ወጪው የአሠሪው ሲሆን ምርጫውም የአሠሪው ይሆናል። ከፊሉ ጅዳ ወይም ሪያድ ተቀምጦ ለኤጀንሲው «ርካሹን» ይላል። ርካሹ ሻንጣ የሌለው፣ ቀን የማይቀየርበት ነው። የመጓጓዣ ግዴታው ተፈጸመ፤ የሁለት ዓመት ላብ የተጠቀለለበት ብርድ ልብስ ግን ቲኬቱ ውስጥ የለም።

ስትሄድ ችግሩ አይታይም፤ የምትሄድ ልጅ ሻንጣ ቀላል ነው። የሚታየው ስትመለስ ነው። ለእናት ብርድ ልብስ፣ ለአባት ጋቢ የሚተካ ወፍራም ጃኬት፣ ለሰፈሩ ሽቶና ቴምር፣ ዑምራ ያደረገች እንደሆነ የዘምዘም ውኃ። የመውጫ ቪዛው ሳምንት ከዘገየ ደግሞ ያው ርካሽ ቲኬት ሊቃጠል ይችላል። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸውን ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ዕቃቸውን እዚያው ትተው የመጡ ናቸው። ወሎ ውስጥ ሻንጣ የዕቃ መያዣ ብቻ የማይሆነው ለዚህ ነው። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ስንት ዓመት ሠርቶ እንደመጣ የሚያሳይበት ሌላ ነገር የለውም።

ጉድለቱን ሰዉ በራሱ መንገድ ሞልቶታል። «ኪሎ ይተርፍሻል?» የሚለው ጥያቄ ከጅዳ እስከ ዱባይ የአበሻ ሰላምታ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ሁለት ሻንጣ የተፈቀደላት አንዱን ለሌላ ታካፍላለች፤ አንዳንዷ ትሸጠዋለች። እኔ ይህን እንደ ጥፋት አላየውም፤ አንዱ ወንበር ያገኘውን ሌላው ሲያጣ መሐል ላይ ገበያ መፈጠሩ አይቀርም። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ሻንጣው ላይ የተለጠፈው ቁጥር የተጓዡ እስከሆነ ድረስ በውስጡ ያለው ሁሉ የእሱ ነው፤ «ለእህቴ አድርሺልኝ» የተባለ የተሰፋ ከረጢት ሳይከፈት አይወሰድም። በሳዑዲ ጫት ክልክል ነው፣ የአደንዛዥ ዕፅ ማዘዋወር ቅጣቱም እስከ ሞት ይደርሳል።

ለከሚሴ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ወደ ቦሌ በመኪና የሚወርድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ግን በስተሰሜን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከውጭ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ ወደ ኮምቦልቻ የሚቀይር ተጓዥ ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቲኬት ከተያያዙ የዓለም አቀፉ ፈቃድ እስከ ኮምቦልቻ አብሮት ይወጣል። ለየብቻ ከተገዙ ግን አዲስ አበባ ላይ አዲስ ጉዞ ይጀምራል፤ ከጅዳ በ46 ኪሎ የመጣች ልጅ በአገር ውስጡ ልክ ትለካለች። እዚያ ደግሞ ኪሎ እውነተኛ ኪሎ ነው። ማረፊያው ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ሲሳሳና ሲሞቅ ትንሿ ባለፕሮፔለር አውሮፕላን ይዛ የምትነሣው ክብደት ይቀንሳል።

ሻንጣው ቢጠፋስ? ኢትዮጵያም ሳዑዲም የገቡበት የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት የዋርሶን ሚዛን ጥሎታል። ካሣው ለአንድ ተሳፋሪ በጠቅላላ ነው፤ ጣሪያው ከታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ጀምሮ 1,519 የዓለም ገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ፣ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ነው። ቲኬቱ ርካሽ ነበር ተብሎ ጣሪያው አይወርድም። ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ቀኑ ግን አይጠብቅም፦ ለተሰበረ ወይም ለተጎዳ ሻንጣ ዕቃውን በተረከቡ በ7 ቀን፣ ለዘገየ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል። ሻንጣዋን ሳትከፍት አውቶብስ ተሳፍራ ከሚሴ የገባች፣ ለጉብኝት የመጣ ዘመድ እስኪሸኝ የቆየች ልጅ ስትከፍተው ሳምንቱ አልፎ ሊሆን ይችላል።

እህል መደብሩ ደጅ ላይ ሻንጣው እንደገና ሚዛን ላይ ወጣ። 24 ኪሎ። በርበሬው ተከፈለ፣ ግማሹ ወጣ። 23 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ባለመደብሩ «እዚህ ጋ ተይው፣ የእነሱ ሚዛን ከእኔ ይለያል» አላት። ቡናው እጅ ቦርሳዋ ውስጥ ገባ። ድርቆሹን እናትየው በፌስታል አንጠልጥለው ወደ ቤት መለሱት። ወንድምየው ለሚዛኑ ብር ሊሰጥ ሲል ባለመደብሩ አልተቀበለውም፤ «ሂሳብህን ለዚያ ለደላላህ አድርገው» ብሎት ወደ ማሽላው ተመለሰ።