በጠጠሮቹ መካከል ያለውን ማንበብ፦ የማራገቢያ ዴልታ ክምችትና የነዳጅ ፍለጋ



ከተራራ ግርጌ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ የሚታየው የጠጠርና የአሸዋ ክምችት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከአላማጣ እስከ ቆቦ ያለውን ሜዳ የተሻገረ ሰው አይቶታል። እንዲህ ያለው ክምችት በየብስ ከመቅረት ይልቅ በቀጥታ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ባሕር ሲገባ የማራገቢያ ዴልታ እንለዋለን። ነዳጅ ፈላጊው በጥንታዊው ዴልታ ውስጥ መለየት ያለበት ፋሲየሶችን ነው፤ ይኸውም ደለሉ የት እና በምን ሁኔታ እንደ ተቀመጠ የሚመሰክሩትን የድንጋይ ገጽታዎች።

ምሳሌዬን ከሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ ከጁንጋር ተፋሰስ እወስዳለሁ። በተፋሰሱ ጠርዝ ላይ ያለው የካራማይ ነዳጅ መስክ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን፣ ስሙም በኡይጉር ቋንቋ «ጥቁር ዘይት» ማለት ነው። ከዚያ ወደ መሀል ዝቅ በሚለው የማሁ ረባዳ ስፍራ ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ነዳጅ በጠጠር ድንጋይ ውስጥ መገኘቱ የተገለጸው ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከዋነኞቹ ነዳጅ አዘል ንብብሮች አንዱ 250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የባይኮውጩዋን ንብብር ነው።

በዚህ ንብብር ሁለት ዓይነት የጠጠር ድንጋይ ይገኛል። ቡናማው ከውኃ በላይ፣ በዴልታው ሜዳ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ብረቱ አየር አግኝቶ ዝጓል፣ በጠጠሮቹ መካከልም ጭቃ ሞልቷል። ግራጫ አረንጓዴው በሐይቁ ውኃ ሥር፣ በዴልታው ግንባር የተቀመጠ ሲሆን፣ ወራጅ ውኃና ሞገድ ጭቃውን ስላጠቡለት ነዳጅ የሚይዝበት ባዶ ቦታ ተርፎታል። የጠጠሮቹን መጠን ብቻ የሚለካ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል።

ቀለም ብቻውን ግን አይታመንም። ነዳጅ ራሱ በድንጋዩ ውስጥ ሲያልፍ ቡናማውን ሊያነጣው ይችላል፤ የጭቃ ናዳም ውኃ ሥር ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ የጠጠሮቹን አቀማመጥ እንመርምር። ወራጅ ውኃ ያስቀመጣቸው እርስ በርስ ተደጋግፈው፣ ውኃው ወደ መጣበት አቅጣጫ አዘንብለው ይገኛሉ። ናዳ ያመጣቸው በጭቃ ውስጥ የተንሳፈፉ ይመስላሉ፤ ትልቁና ትንሹ ተደባልቆ፣ አንዳንዱም ቀጥ ብሎ ቆሞ ይታያል። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው በጠጠር ንብርብሮች መካከል የገባችውን ቀጭን የጭቃ ድንጋይ ነው፤ ስስ ግራጫ ንጣፎች ካሏት የሐይቁ ውኃ በዚያ ነበር ማለት ነው።

የጋማ ጨረር ልኬት በአሸዋ ድንጋይ ጭቃውን ከንጹሑ ይለይልናል። በጠጠር ድንጋይ ግን ፖታሲየም የበዛባቸው የግራናይት ወይም የእሳተ ገሞራ ጠጠሮች ንጹሑን ድንጋይ ጭቃማ ያስመስሉታል። ስለዚህ የጉድጓዱን ግድግዳ የኤሌክትሪክ ምስል፣ ከጉድጓዱ ከወጣው የድንጋይ ናሙና ጋር እያስተያዩ ማንበብ ግድ ነው፤ ናሙናው ራሱ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ የጠበበ ሊሆን እንደሚችል ሳይዘነጉ።

ቡናማውን ድንጋይ እንደ ብክነት ቆጥሮ ከካርታ መሰረዝም አይገባም። ጭቃማነቱ ነዳጅ አያሳልፍምና፣ በማሁ ዳገቱን ተከትሎ ሊያመልጥ የሚችለውን ነዳጅ በጎን የሚያግደው እርሱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር፣ ማለትም የጥንቱ ሐይቅ ዳርቻ፣ በካርታው ላይ በተሳሳተ ስፍራ ከተሰመረ ጉድጓዱ የሚቆፈረው በመዝጊያው ላይ ይሆናል።