ሁለት አፍ ያለው ፔዳል

በሐዋሳ፥ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፥ ሰፋ ባለ አዳራሽ ውስጥ ሠርግ ተዘጋጅቶ አንድ ጊታር መቺ ከመድረክ ቆሟል እንበል። በእግሩ ሥር ያለችው ትንሽ ሣጥን ኮረስ የተባለውን ኤፌክት የምትሰጥ ስቴሪዮ ፔዳል ናት። የጊታሩ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ አንድ ሲሆን የሚወጣበት ግን ሁለት ነው። ታዲያ ከሁለቱ የትኛውን ይያዝ? ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ዳር የተቀመጠው እንግዳ የሚሰማው ድምፅ የሚወሰነው በዚሁ ነው።

እንግሊዛዊው መሐንዲስ አላን ብሉምላይን ድምፅን በሁለት መስመር ለማስተላለፍ የፈጠራ መብት የጠየቀው በ1931 እ.ኤ.አ. ነበር። ዘዴው ከጊታር መቺ እግር ሥር እስኪደርስ ግን ብዙ ዘመን ወስዷል። የጃፓኑ ቦስ ሲኢ-1 የተባለውን ኮረስ ፔዳል ያወጣው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ፔዳል በስቴሪዮ ሲያያዝ ባንደኛው ቀዳዳ ጥሬውን የጊታር ድምፅ፥ በሁለተኛው ደግሞ ጥቂት ዘግይቶ የሚወዛወዘውን ይልካል። ሁለቱ የሚገናኙት በሽቦ ውስጥ ሳይሆን ባዳራሹ አየር ላይ ነው። ያ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የሚመስለው ድምፅ የሚወለደው ከዚህ ነው።

እንግዲህ ስቴሪዮ የፈለገ ሰው ሁለት አምፕሊፋየር አራርቆ ያቆማል፤ ወይም ሁለቱን ገመዶች በሚክሰሩ ሁለት መስመሮች አስገብቶ አንዱን ወደ ግራ፥ ሌላውን ወደ ቀኝ ያዞራል። ፔዳሏም ከሌሎቹ በስተመጨረሻ ትሁን፤ ከኋላዋ አንድ መውጫ ብቻ ያለው ፔዳል ከተከተለ ስቴሪዮው እዚያው ይቀራል።

ሆኖም የዚህ ጥቅም ከመካከል ለተቀመጠው ነው። በግራው ስፒከር አጠገብ ያለው ጥሬውን ብቻ፥ በቀኙ ያለው ውዝዋዜውን ብቻ ይሰማል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ለሠርግ አዳራሽ ሞኖ ይሻላል። ሞኖ የሚል ምልክት ካለበት ቀዳዳ አንድ ገመድ ብቻ ማውጣት ነው፤ ብዙዎቹ ፔዳሎች ሁለቱን ድምፆች በውስጣቸው ያዋሕዳሉ። ሁለቱን መውጫዎች መንታ በሆነ ገመድ አስሮ ወደ አንድ አምፕሊፋየር መላክ ግን አይገባም። አንዱ ወደፊት ሲገፋ ሌላው ወደኋላ ከሳበ ድምፁ ይሳሳል፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ ይጠፋል።

ሞኖ ያረጀ ነገር ነው የሚል ቢኖር በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣውን የሙላቱ አስታጥቄን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ያስታውስ። በ2017 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲታተም ከስቴሪዮው ጋር የሞኖ ቅጂውም አብሮ ቀርቧል።

አንድ አደገኛ ነገር አለ። ሁለት አምፕሊፋየሮች በአንድ ፔዳል ሲገናኙ እምምም የሚል ጉርምርምታ ይነሣል። አንዳንዱ ይህን ለማጥፋት ሲል ከአምፕሊፋየሩ የመብራት ገመድ የመሬቱን መስመር ይቆርጣል። ያ ሽቦ ግን ሕይወት ጠባቂ ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ አምፕሊፋየሩ ቢበላሽ 220 ቮልቱ በጊታሩ ክር አድርጎ ወደ ተጫዋቹ እጅ ሊመጣ ይችላል። ይልቅስ ሁለቱንም ከአንድ ሶኬት መሰካት ነው፤ ጉርምርምታው ካልቆመ ባንደኛው የድምፅ መስመር ላይ ማግለያ ትራንስፎርመር ማስገባት ይበቃል።